ቁመቱ ተለካ፤ ልቡንስ ማን ይለካው?



ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ የማነሣላችሁ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ከኑሯችን የራቀ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩም ይህ ነው፤ ለአዋቂ ብቻ ተብለው ከተሠሩ ፊልሞች የወጡ ገጸ ባሕርያት፣ ወላጅና ልጅ አብረው በሚዝናኑባቸው የመጫወቻ ፓርኮች ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው ይገባልን?

«ሉማሜ ላይ ተቀምጦ የአሜሪካና የዐረብ አገር ፓርክ ምን አስጨነቀው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከተማችን የልጆቻችን መጫወቻ ብይ፣ አባሮሽና ድብብቆሽ ነው። ሆኖም ፓርኩ ባይመጣም የፓርኩ ሰዎች መጥተዋል። በገበያ ቀን መሬት ላይ በተዘረጋው ሸራ ላይ የተደረደረውን የተማሪ ቦርሳና ከነቴራ ተመልከቱ። ፊቱን በጭንብል የሸፈነ፣ ሰይፍ ያነገተ፣ አፉ እስከ ጆሮው ድረስ በቀይ ቀለም የተቀባ ሰው ሥዕል አታጡም።

ቁርአን ሊቀሩ ከሚመጡልኝ ልጆች የአንዱ ቦርሳ ላይ ቀይ ጭንብል ያጠለቀ፣ ሁለት ሰይፍ በጀርባው ያነገተ ሰው አለ። ልጁ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። «ይህ ማን ይባላል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ዴድፑል ነዋ ኡስታዝ! በጣም ያስቃል» አለኝ። የት እንዳየው ስጠይቀው በአጎቱ ስልክ ላይ ከልጆች ጋር ፎቶ ሲነሣ ማየቱን ነገረኝ። ፊልሙን አላየም። ሰውዬውን የሚያውቀው በደግነቱ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሰው ማነው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፊልሞች ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆኑ የሚያመለክት ምልክት ይሰጣቸዋል። «አር» የሚለው ፊደል የተለጠፈበትን ፊልም፣ ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ገብቶ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዴድፑል ፊልም ይህ ምልክት አለበት። ደሙ፣ ስድቡና ነውሩ የበዛ በመሆኑ ነው። ዲዝኒ የተባለው ኩባንያ የፊልሙን ባለቤት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2024 «ዴድፑል እና ዎልቨሪን» የተሰኘው ፊልም ያንኑ ምልክት ይዞ ሲወጣ፣ በዚያው ወቅት ጭንብሉን ያጠለቀ ሠራተኛ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ተረት ሊያነብና ጎብኚዎችን ሊያስቅ ቀረበ።

ልብ በሉ! በፓርኩ ውስጥ ማንንም አልገደለም፤ በፊልሙ ላይ የሚሰማው የብልግና ንግግርም እዚያ አይነገርም። ኩባንያው አጥቦና አስተካክሎ ነው ያቀረበው። «ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ግን ነገሩን እንዲህ አየዋለሁ። ይህ ሰው ወደ ፓርኩ ሲገባ ደሙንና ስድቡን ከበር ውጭ ይተዋል፤ ከእነርሱ ጋር ደግሞ የዕድሜ ምልክቱንም ከበር ውጭ ይተዋል። ልጁ በፓርኩ ውስጥ ይወደዋል፣ ይጨብጠዋል፣ ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ቤቱ ሲመለስ ስሙን በስልክ ላይ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሚያገኘው የታጠበውን ሰው ሳይሆን ዋናውን ነው።

በአገራችን ሰው ሲመጣ ዋስ ይጠየቃል። የማናውቀውን መንገደኛ እቤት ከማሳደራችን በፊት «የማን ዘመድ ነው? ማን ያውቀዋል?» እንላለን። የታወቀ ሽማግሌ እጁን ይዞ ካመጣው ግን ጥያቄው ይቀራል፤ ሽማግሌው ዋሱ ነውና። የቤተሰብ መዝናኛ ፓርክም ለልጅ እንደዚያ ሽማግሌ ነው። «ከዚህ አጥር ውስጥ የምታገኘው ሁሉ ላንተ የተዘጋጀ ነው» ብሎ በሩን ከፍቶለታል። ልጁ አንዱን ገጸ ባሕርይ ከሌላው የሚለይበት መንገድ የለውም። እዚያ ቆሞ እስካየው ድረስ ፓርኩ ዋስ ሆኖለታል ማለት ነው። ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ ዋስ የሆነለት ሰው ከግቢው ከወጣ በኋላ ለሚያደርገውም ይጠየቃል።

ይህ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 «ኤልየን» የተባለ አስፈሪ ፊልም ወጣ፤ ለአዋቂዎች የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ዲዝኒ በፍሎሪዳ አዲስ ፓርክ ሲከፍት፣ ጎብኚዎች በተሽከርካሪ ላይ ተቀምጠው የታወቁ ፊልሞችን ትዕይንት የሚያልፉበት አንድ ቤት ነበረው። ያ የኤልየን አውሬ ከጨለማ ውስጥ ብቅ የሚልበት ክፍልም በዚያ ተካቶ ነበር። ቤቱ እስከ 2017 ድረስ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ በዚያው በፍሎሪዳ፣ ለሕፃናት ይበልጥ በሚታወቀው ፓርክ ውስጥ፣ ሰው ከወንበር ጋር ታስሮ በጨለማ ውስጥ የአውሬ ትንፋሽ በማጅራቱ ላይ የሚሰማበት ትርኢት ተከፈተ። በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ነበር። ቢሆንም የፓርኩ ስም ማስጠንቀቂያውን አሸነፈው። ወላጆች «የልጆች ቦታ ነው» ብለው ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ፤ ልጆችም እያለቀሱ ወጡ፤ ቅሬታም ተሰማ። ትርኢቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተዘጋ። በቦታውም ከአንድ የልጆች ፊልም የተወሰደ ገጸ ባሕርይ ተተካ።

ከፓርክ ውጭም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የራምቦን ስም ያልሰማ አለን? በኛ አገር እንኳ ጉልበቱን የሚያሳይ ጎረምሳ «ራምቦ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው የራምቦ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ያው «አር» የተለጠፈበት ነበር። ነገር ግን በ1986 ራምቦ የልጆች የካርቱን ፊልም ሆኖ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ ሮቦኮፕ የተባለውም በ1987 ለአዋቂ ወጥቶ በ1988 ካርቱን ሆነ። አሻንጉሊቶችም ተሠሩላቸው። ነጋዴው የሚያስበው ቀላል ነው። አዋቂው አንድ ጊዜ ትኬት ይገዛል፤ ልጅ ግን ቦርሳውንም፣ ከነቴራውንም፣ አሻንጉሊቱንም ያስገዛል።

ስለ ራምቦ ካነሣሁ አንድ የማስታውሰውን ልንገራችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ በወረዳ ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች በዝተው ነበር። ስሙኒ ወይም ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ፣ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጦ የህንድ ወይም የድብድብ ፊልም ይታያል። ልጅ ሳለሁ የማውቀው የአንድ ቪዲዮ ቤት በረኛ በበሩ መቃን ላይ በከሰል መስመር አስምሮ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ለሚታየው ፊልም ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ አይገባም። እኔም ከመስመሩ በታች ነበርኩና ስሙኒዬን እንደያዝኩ ቅር እያለኝ ተመለስኩ። ሰውዬው ዓሊም አልነበረም፤ መምህርም አልነበረም። ገንዘቡን ይፈልግ ነበር። ያም ሆኖ የሚለካው ቁመት ቢሆንም የሚያስበው ስለ ልብ ነበር።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ፓርኮች ተመለሱ። እዚያም ቁመት ይለካል። በሐዲድ ላይ ወደሚምዘገዘገው ጋሪ ከመግባቱ በፊት ልጁ በመለኪያ እንጨት አጠገብ ይቆማል። በፍሎሪዳው «ስፔስ ማውንቴን» በተባለው መጫወቻ ላይ 112 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አይሳፈርም። አባቱ ቢለምን፣ ልጁ ቢያለቅስ ሠራተኛው አይሰማም። ለምን? የልጁ አንገትና ወገብ ገና አልጠናምና ነው። ይህን ሳስብ አደንቃለሁ። ነገር ግን እጠይቃለሁ፤ ለአንገቱ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ፓርክ፣ ለልቡ የሚሆን መለኪያ እንጨት የት አስቀመጠ?

ሃይማኖታችን ጨዋታን የሚጠላ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በአሻንጉሊት ስትጫወት አልከለከሏትም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊዱ ውስጥ በጋሻና በጦር ሲጫወቱ፣ ዓኢሻ ከኋላቸው ቆማ እስክትጠግብ ድረስ እንድታይ አድርገዋታል። እኛ የሐበሻ ልጆች ይህን ሐዲስ በኩራት የምናነሣው ነው። ጦር የአዋቂ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ጨዋታው በግልጽ አደባባይ የሚታይ ነው፤ ከጀርባው የተደበቀ ሌላ ነገር የለውም፤ የምታየዋም ከሚወዳትና ከሚጠብቃት ጋር ሆና ነው።

በሌላ በኩል ቁርአን በሱረቱ ኑር ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች በሦስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ ወደ ወላጆቻቸው ክፍል እንዳይገቡ ያዛል። እነዚህም ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ጊዜና ከዒሻእ ሶላት በኋላ ናቸው። ይህን ትእዛዝ ሳስተምር ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ነገር አለ። የባልና የሚስት ክፍል ሐላል ነው፤ ነውር የለበትም። ሆኖም ሐላል የሆነውም ነገር ቢሆን ለልጅ ሰዓትና በር ተበጅቶለታል። እንግዲህ ነገሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ልጁ ያለው ከበሩ በየትኛው ወገን ነው? ይህም ይጠየቃል።

ስለ ፓርኮቹ የሚቀርበውን መከራከሪያ በፍትሕ መስማት ይገባናል። አንደኛው፣ «ልጆች ሲፈሩ የኖሩ ናቸው፤ እናንተስ በአያ ጅቦ ተረት አላሳደጋችኋቸውም?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በጎጃም ምድር በአያ ጅቦ ያልፈራ ልጅ የለም። ነገር ግን ተረቱን የምትነግረው አያት ናት፤ እጇም በልጁ ራስ ላይ ነው። ልጁ በጣም ሲፈራ ድምጿን ትለውጣለች። በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ ጅቡ ይሞኛል፤ ልጁም ይስቃል። ከሁሉም በላይ ከአያ ጅቦ ጀርባ ሌላ አያ ጅቦ የለም። ልጁ አድጎ «የአዋቂዎቹን አያ ጅቦ አሳዩኝ» ቢል የሚያገኘው ያንኑ ተረት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ «ፓርኩ የልጆች ብቻ አይደለም፤ አዋቂውም ከፍሎ ገብቷል» የሚል ነው። ይህም ሚዛን አለው። ዋልት ዲዝኒ ሁለት ሴት ልጆቹ በሚሽከረከር ፈረስ ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ እንደነበር፣ በዚያም ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ እንዲኖር እንዳሰበ ይነገራል። የመጀመሪያውን ፓርክ በካሊፎርኒያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። እንግዲህ የሐሳቡ መነሻ «አብረው» የሚለው ነው። ትልቁ የሚደሰትበትን ነገር ለማምጣት ትንሹን ዓይኑን እንዲሸፍን ማስገደድ «አብረው» አይባልም። አዋቂዎች የሚፈልጉት ካለ የራሱ ሰዓትና የራሱ በር ይበጅለት። ዩኒቨርሳል የተባለው ሌላው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በፍሎሪዳ አስፈሪ ፊልሞችን የሚመለከት ዝግጅት ያደርጋል። ዝግጅቱ በማታ ነው፤ ትኬቱ ለብቻ ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉ እንደማይመከርም ኩባንያው ራሱ ይናገራል። ዝግጅቱ የተያያዘበት በዓል የኛ አይደለም፤ እንድትሄዱም አልመክርም። የበሩን አሠራር ብቻ ለምሳሌ ውሰዱልኝ። ያ የከሰል መስመር በትልቅ ገንዘብ ተሠራ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርባችን እንምጣ። የአክስቴ ልጅ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር በአቡ ዳቢ ትኖራለች። ባለፈው ዒድ ሰሞን በስልክ ድምጿን ልካ፣ «ወንድምዓለም፣ ልጆቹ ወደ ትልቁ ፓርክ ውሰዱን እያሉ አስቸገሩን። ሙስሊም አገር ያለ ፓርክ ነውና ምን ችግር አለው ብዬ ነበር። ነገር ግን ትልቁ ልጄ ስለ ጆከር ደጋግሞ ይጠይቀኛል፤ ምን ልበለው?» አለችኝ። ፓርኩ በያስ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው የዋርነር ብራዘርስ ፓርክ ነው። ውስጡ ጎተም ሲቲ የሚባል፣ በጨለማ ከተማ አምሳል የተሠራ ክፍል አለ፤ በዚያም በጆከር ስም የተሰየመ ቤት አለ።

ጆከር ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። ይህ ገጸ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1940 በባትማን የሥዕል መጽሔት ላይ የተፈጠረ፣ ለብዙ ዘመን በልጆች ካርቱን ላይ የታየ ቀልደኛ ክፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን «ጆከር» የተሰኘ ፊልም ወጣ። አእምሮው የታመመ ብቸኛ ሰው ቀስ በቀስ ነፍሰ ገዳይ የሚሆንበት፣ «አር» የተለጠፈበት ፊልም ነው። ስለዚህ አሁን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ በፓርክ ውስጥ ያስቃል፤ ሌላው አዋቂውን እንኳ እንቅልፍ ይነሣል። ልጁ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው።

ለእህቴ የመለስኩላት ፈትዋ አይደለም፤ የወንድም ምክር ነው። «ልጆቹን አትከልክያቸው፤ ሂዱና ተጫወቱ። ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት የፓርኩን ካርታ ከአባታቸው ጋር ተመልከቱ። ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነውና የጨለማውን ከተማ ለእርሱ ተዉት፤ ብዙ ሌላ መጫወቻ አለለት። ትልቁ 13 ዓመት ሆኖታል፤ እርሱን አታታልዪው። ይህ የምታየው ጆከርና በፊልም ያለው ጆከር ስማቸው አንድ ነው፤ ፊልሙ ግን ለዕድሜህ አይደለም ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው» አልኳት። ከሄዱ በኋላ ደውላ፣ ትልቁ ልጅ «ዕድሜዬ መቼ ይደርሳል?» ብሎ እንደጠየቃት፣ እርሷም «ሲደርስ አብረን እንነጋገራለን፤ ያን ጊዜም ቢሆን ማየት ግዴታ አይደለም» እንዳለችው ነገረችኝ። ከኔ መልስ የእርሷ ይበልጣል።

በአገራችንም የመዝናኛ ቦታዎች እየበዙ ነው። በአዲስ አበባ ቦሌ የሚገኘው ኤድና ሞል ለብዙ ዓመታት ሲኒማውንና የልጆች መጫወቻውን ከአንድ ጣራ ሥር ይዞ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በቤተ መንግሥቱ ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ልጁ እዚያ የሚያየው አንበሳ፣ የቀድሞ ነገሥታትን አዳራሽና የየክልሉን አኗኗር የሚያሳዩ ቤቶችን ነው። እነዚህን ወድዶ ቤቱ ሲመለስ ቢከተላቸው የሚወስዱት ወደ ታሪክና ወደ አራዊት ትምህርት ነው። ነገ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሉማሜ የልጆች መጫወቻ የሚከፍት ወገን ይኖራል፤ ኢንሻአላህ። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ ምን ይሣል ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ከወዲሁ መኖር አለበት። ሠዓሊው ከስልኩ ላይ ያገኘውን ቢሥል አይፈረድበትም፤ የነገረው የለምና።

ስለዚህ ውድ አባቶችና እናቶች! ለልጃችሁ ቦርሳ ስትገዙ፣ ለዒድ ስታለብሱት፣ ወደ መጫወቻ ስትወስዱት፣ ሥዕሉ ያምራል ወይስ አያምርም ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ልጄ ይህን ሰው ተከትሎ እስከ ቤቱ ቢሄድ ምን ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቃችሁ የሚያውቅ ጎረምሳ ከጎረቤት አይጠፋም፤ ጠይቁት። ልጁ ቀድሞ ከወደደው ደግሞ ቦርሳውን ነጥቃችሁ አትጣሉ። የተነጠቀ ነገር በልብ ውስጥ ይበልጥ ይጣፍጣል። አስቀምጡትና ንገሩት።

እኔም ያንን የስምንት ዓመት ልጅ ቦርሳህን ጣል አላልኩትም። ወላጆቹ ቦርሳውን የገዙት ተቸግረው ነው፤ ቁርአኑንም የሚይዝበት እርሱ ነው። ከአባቱ ጋር ግን ከዐስር ሶላት በኋላ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አባትየው ሥዕሉ የማን እንደሆነ ከዚያ በፊት የነገረው ሰው አልነበረም። አሁን የሚጠብቀው ልጁ ራሱ የሚጠይቅበትን ቀን ሳይሆን፣ እርሱ ቀድሞ የሚነግርበትን ምሽት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ አማናችንንም የምንወጣበትን ብልሃት ይስጠን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።